የእናቴ ድንጋይ

ባለፈው ወር ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚወጣው ዳገት ላይ ከፊታችን ሲያዘግም የነበረ የጭነት መኪና ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። ሽታው አውቶብሳችንን ሞላው። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላና በጃኬት እጅጌ ሲሸፍን እኔ መስኮቱን ከፈትኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ምነው እህቴ፣ አንቺን አይሸትሽም እንዴ?» አለችኝ። «ይሸተኛል፤ የልጅነቴ ሽታ ነው» አልኳት። አንድ ጊዜ አየት አደረገችኝና ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ወደ ዳር ፈቀቅ አለች። አልፈርድባትም። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሲሸተው እናቱ ትዝ የምትለው ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከዘመሮ ከተማ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ በሆነች የመንዝ መንደር ውስጥ ነው፤ እናቴና እኔ ብቻ። አባቴ የሞተው እኔ አፌን ሳልፈታ ስለሆነ መልኩን አላውቀውም። አባት የሚያደርገውን ሁሉ ያደርግልን የነበረው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ደምሴ ነው።

ጋሼ ደምሴ በደርግ ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ኢሕአዴግ ሲገባ ከሥራው ተሰናበተና፣ ሌሎቹ ሻንጣ ይዘው ወደየአገራቸው ሲመለሱ እሱ በጨረታ የተሸጠች አሮጌ ፒካፕ ይዞ መጣ። ድሮ ሰማያዊ ነበረች ይላሉ። እኔ ሳውቃት ቀኝ በሯ ቀይ፣ ኮፈኗ አረንጓዴ፣ የቀረው አካሏ ዝገት ነው። የሾፌሩ በር ከውስጥ ስለማይከፈት ጋሼ ደምሴ ለመውረድ ሲፈልግ እጁን በመስኮት አውጥቶ እንደ እንግዳ ከውጭ ይከፍተዋል። ከኋላዋ ደግሞ ከአንድ የወደቀ የጭነት መኪና አክሰል ተበይዶ የተሠራ ተጎታች አለ። በአገሩ ከባድ ነገር ካለ የምትጎትተው እሷ ናት፤ የወፍጮ ሞተር፣ የውሃ ቱቦ፣ የትምህርት ቤት ቆርቆሮ፣ ገብስ። ሰው ሁሉ «የደምሴ በቅሎ» ይላታል። እሱ ግን በስም ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም፤ «እሷ» ብቻ ነው የሚላት።

እናቴ ከጥቅምት ጀምሮ ሆዷን ታማ ተኝታለች። ቤት ውስጥ እየተርመሰመስኩ እንዳላስቸግራት ጋሼ ደምሴ ከትምህርት ቤት መልስ ያሳፍረኝ ጀመር። ስለዚህ ያን በጋ ያሳለፍኩት ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ነው፤ ወንበሩ ስፖንጁ አልቆ ሽቦው ስለወጣ የታጠፈ ጆንያ ላይ እቀመጣለሁ።

ያን ጊዜ ስለ መኪና የማውቀው ሁሉ ስህተት ነበር። ከራዲያተሩ እንፋሎት ሲወጣ የደከማት ይመስለኛል፤ ጋሼ ደምሴ ውሃ ሲያጠጣት ደግሞ «ቀስ ብላ ትጠጣ፣ ትን ይላታል» እለዋለሁ። እሱም «እውነትሽን ነው» ብሎ ቀስ አድርጎ ያፈስላታል። ዳገት ስንጀምር ትንፋሼን እውጣለሁ፤ ትንፋሼን ስይዝ ክብደቴ የሚቀንስላት ይመስለኝ ነበር። ዳገቱ ረጅም ሆኖ ፊቴ ቲማቲም ሲመስል ጋሼ ደምሴ «ኧረ ተንፍሺ! አንቺን ገድዬ ለወርቅነሽ ምን እላታለሁ?» ይለኛል። ወርቅነሽ እናቴ ናት።

ጭነት በተጫነ ቁጥር ግን የማይቀር ነገር ነበረው። ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን በባሌስትራውና በሻንሲው መሀል ያስገባል፤ ጭነቱ ሲከብድ ክፍተቱ ይጠባል። «አራት ጣት ከገባ በሰላም እንሄዳለን» ይለኛል። «ሦስት ከገባ እያዘገምን። ሁለት ከሆነ የሚወርድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ባለቤቱ ቢያለቅስም ይወርዳል።» ብዙ ባለቤት ሲያለቅስ አይቻለሁ። አንድ የገብስ ነጋዴ በአርባ ቅዱሳን ቢምልለት፣ ቢለምነው፣ በመጨረሻም ቢሳደብ፣ ሁለት ጣት ብቻ ስለገባ ጆንያዎቹን አወረደበት። «እሷ ጸሎት አትሰማም ወንድሜ፤ እሷ የምትሰማው ኪሎ ነው» አለው።

በጥር መጨረሻ እናቴን በቅሎ ላይ አስቀምጦ ዘመሮ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ መኪናዋ ያን ሳምንት ጎማ አልነበራትም። ሆዷ ውስጥ እጢ አለ፣ ደብረ ብርሃን ሄዳ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት ተባለ። ቀጠሮዋም ለየካቲት፣ ማክሰኞ ቀን ሆነ። ከበቅሎው ስትወርድ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። «ሁለተኛ በበቅሎ አትሄጂም» አላት ጋሼ ደምሴ። «ፍራሽ አነጥፍልሻለሁ፤ እንቁላል እንደጫንኩ ሆኜ ደብረ ብርሃን ድረስ አደርስሻለሁ።» እናቴም «አንተ ካልክ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ መንገዱ የጠየቀ ሰው የለም።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን ጊዮርጊስ እንደ አዲስ ይሠራ ነበር። ከታች፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ደብር አራት ትልልቅ የጥድ ምሰሶ በስጦታ ሰጥቶናል። ቀጠሮዋ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ የደብራችን ቄስ መምሬ ገብሬ ጋሼ ደምሴን ምሰሶዎቹን እንዲጎትት ለመኑት። እሱም እሺ አለ። አራት ምሰሶ ለእሷ ምንም አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከበረከት ነው። በእኛ አገር ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የሚሄድ ሸክም የአንድ ሰው አይደለም። ምሰሶዎቹ እንደ ድሮው በትከሻ ቢሄዱ ኖሮ በየሰፈሩ ሰው እየወጣ ይቀበላቸው ነበር፤ አቅም የሌለው ሽማግሌ እንኳ አሥር እርምጃ ተሸክሞ ድርሻውን ያገኛል። አሁን ሁሉንም መኪና ወሰደችው። «የእኛስ በረከት?» አለ ሰዉ። ሳይመካከሩ ሁሉም አንድ ዘዴ ተገለጠላቸው። ለግንቡ የሚሆን ድንጋይ በስማቸው ተጎታቹ ላይ ማኖር! መኪና እንደሆነ ምን ይሰማዋል?

የመጀመሪያዋ እማሆይ አጸደ ነበሩ። ድንጋያቸውን በነጠላ ጠቅልለው መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን።

«ልጄ፣ ይቺን ከላይ አድርግልኝ። ከታች ከሆነች የእኔ መሆኗ አይታወቅም።»

«እግዜር አያውቅም እንዴ እማሆይ?»

«እግዜርማ ያውቃል። የማያውቁት ጎረቤቶቼ ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ማን ይቁጠረው! በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሰው ድንጋይ ይዞ ቆሟል። የልጅ ራስ የሚያህል፣ የእንስራ ቂጥ የሚያህል። ለሞተ አባት፣ በወታደርነት ለቀረ ልጅ፣ ለመካን ምራት። ጋሼ ደምሴ ሦስተኛው ሰፈር ላይ ወርዶ ጣቱን ሲያስገባ አየሁት። አንድ ጣት እንኳ በጭንቅ ነው የገባችው። ወደ መምሬ ገብሬ ሄደ።

«መምሬ፣ በዚህ ጭነት ቁራ ዳገትን አንወጣም።»

«እሺ ደምሴ፣ የማንን ልመልስ? አንተ ንገረኝና ልመልስ።»

ጋሼ ደምሴ ድንጋዮቹን አያቸው። ባለቤቶቻቸው ከተጎታቹ ኋላ ቆመው እሱን ያዩታል። ገብስ ቢሆን ያወርደው ነበር። ጣቱን በሱሪው ጠረገና መኪናዋን ለማቀዝቀዝ ጥላ ስር አቆማት።

የእኔን ጥፋት የሠራሁት እዚያ ነው። ያን ቀን ከትምህርት ቀርቼ ጠዋት ከቤት ስወጣ እናቴ ከትራሷ ስር እንቁላል የምታህል ድንጋይ አውጥታ «ይቺን በስሜ አኑሪልኝ» ብላ ሰጥታኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በእጄ ይዣት ስዞር ሰው የሚያኖረውን ድንጋይ አያለሁ። በረከት የሚመዘን ነገር ይመስለኝ ነበር። የእንስራ ቂጥ የሚያህል ድንጋይ ለራስ ምታት ካኖሩ፣ የእናቴ እንቁላል ለሆድ እጢ ምን ይጠቅማል? እሷን ሰው ቢያያት ደግሞ ይስቅብናል። ድንጋይዋን ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወርኳትና አጠገባችን ካለው ተረተር ስር ትልቁን ድንጋይ መርጬ መግፋት ጀመርኩ። በጉልበቴም በቂጤም እየገፋሁ መንገድ ድረስ አደረስኩት። ሁለት ጎረምሶች አዩኝና «የማን ነው?» አሉኝ። «የእናቴ። ታማለች።» ለሁለት አንሥተው ከኋላ ጫኑልኝ። ተጎታቹ እዬዬ አለ። ሮጬ ወንበሬ ላይ ወጣሁና ምንም እንዳላደረገች ልጅ ፊት ለፊት አየሁ። መሪው ላይ ተቀምጦ የነበረው ጋሼ ደምሴም ሞተሩን አስነሣ።

ቁራ ዳገት ሕዝቡ በምግብ ለሥራ፣ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረለት በዶማና በአካፋ የቆፈረው መንገድ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቤተ ክርስቲያኑ ይታያል። አንደኛ ማርሽ ገባ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ሰዉ ከኋላ እየተከተለ ያበረታታታል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ሽታው መጣ። መጀመሪያ የተቃጠለ ቀንድ፣ ቀጥሎ የሚመርር ነገር፣ ከዚያ ከእግሬ ስር ጭስ። ሞተሩ ይጮሃል፤ መኪናዋ ግን ቆማለች። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

«ታኮ! ድንጋይ! ጎማዋ ስር ድንጋይ አስገቡ!» ብሎ ጮኸ።

እስከ ዛሬ ሳስበው ሳቅም ልቅሶም ይይዘኛል። ተጎታቹ እስከ አፉ ድንጋይ ነው። ሰዉ ግን ስለ ነፍስ የቀረበ ድንጋይ እንዴት ጎማ ስር ይወረወራል ብሎ፣ አንድም ሰው እሱን ሳይነካ፣ ሌላ ድንጋይ ፍለጋ ተበታተነ! አንዱ ወደ ገደሉ፣ አንዱ ወደ እርሻው ሮጠ። እኛ በዝግታ ወደ ኋላ እንሄዳለን። ያዳኑን መምሬ ገብሬ ናቸው፤ የደገፉትን ወፍራም የወይራ ከዘራ ጎማው ስር ከተቱት። እሱ ተሰብሮ እስኪያልቅ ድንጋዩ ደረሰ።

ጋሼ ደምሴ እጁን በመስኮት አውጥቶ በሩን ከፈተና ከስሯ ገባ። ሲወጣ ፊቱ ጥቁር ሆኗል። «የፍሪሲዮኑ ሸራ አለቀ። በቃ፣ አትንቀሳቀስም» አለ። ይህን ሲል ያየው መኪናዋን አልነበረም፤ ቀና ብሎ ወደ ቤታችን አቅጣጫ ነው ያየው። ያኔ ማክሰኞ ትዝ አለኝ። እናቴ የምትሄደው በዚህች መኪና ነበር። ከመኪናዋ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

መምሬ ገብሬ ሰዉን ሰበሰቡ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። በሉ፣ ሁላችሁም ድንጋያችሁን አንሡ!» አሉ። ሁሉም ሰው የራሱን ለየ። አንዲት ሴት የያዘችውን መልሳ «ይህ የእኔ አይደለም፣ የእኔ ሽበት አለው» ስትል ሰምቻለሁ። ምሰሶዎቹን ደግሞ ወንዶቹ በመጫኛ እያሰሩ እየዘፈኑ ጎተቷቸው። እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል፤ በረከቱ እንደ ድሮው በትከሻ ሆነላቸዋ።

በመጨረሻ ተጎታቹ ላይ አንድ ድንጋይ ብቻ ቀረ።

«ይህስ የማን ነው?» አሉ መምሬ።

አንዱ ሰውዬ «ይሄ እኮ ነው የሰበራት! ይሄን የጫነ ሰው ልብ የለውም» አለ። ሁሉም ዞር ዞር አሉ። ጎረምሶቹ ምሰሶ ይዘው ቀድመዋል። «የእናቴ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። የእናቴን ድንጋይ ካድኩ።

«የእኔ ነው» አለ ጋሼ ደምሴ። ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ትከሻው ላይ አደረገውና ዳገቱን ጀመረ። የተሳሳተ መሰለኝ። ሰው ሲደነግጥ የራሱን ድንጋይ ይስታል ብዬ አሰብኩ።

ማታ እናቴ «ድንጋዬን አኖርሽልኝ?» አለችኝ። «አኖርኩልሽ» አልኳት። ስለ መኪናዋ ሲነግሯት ጣሪያውን አየች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ «አንተ ግን እሷ ላይ ሆነህ አልተጎዳህም አይደል?» አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ላይ ሰው ሞላ። ቃሬዛ ይዘው መጥተዋል። ቃሬዛ የማውቀው አስከሬን ሲሄድበት ስለሆነ ጮህኩ። እናቴ ከለበሰችው ባና ውስጥ እጇን አውጥታ «ነይ፣ ንኪኝ» አለችኝ። ነካኋት፤ ትሞቃለች። ሐሙስ ዕለት ድንጋይ ያኖሩት ሰዎች ሁሉ ነበሩ ማለት እችላለሁ። አራት አራት ሆነው ይሸከማሉ፤ የደከመው ሳይናገር ሌላው ቃሬዛው ሳይወርድ ትከሻውን ያስገባል። መምሬ ገብሬ ሳይቀሩ አዲስ ከዘራቸውን ለሰው አስይዘው ገቡ። ጋሼ ደምሴ ግን ከፊት በቀኝ በኩል ያለውን እንጨት ለማንም አልለቀቀም። «ቀይረኝ ደምሴ» ሲሉት «ቆይ፣ ትንሽ» ይላል። እስከ ቁራ ዳገት ሸኘኋቸውና ከእማሆይ አጸደ ጋር ተመለስኩ። ዘመሮ አድረው በነጋታው በአውቶብስ እንደሚሄዱ ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ከትምህርት ቤት መልስ ቁራ ዳገት እየሄድኩ የቆመችው መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ፍየሎች ከስሯ ይተኛሉ። ልጆቹ «ሆዱ የተቀደደ ሰው አይድንም» ብለውኛል። እኔም እናቴ ብትሞት የገደልኳት እኔ እንደሆንኩ አውቄ ነበር፤ በመኪና ብትሄድ ትድን ነበር፣ መኪናዋን ደግሞ የሰበርኳት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እማሆይ አጸደ ምግብ እምቢ ስላቸው የሁዳዴን ጾም አጠበቅሽ ብለው ያመሰግኑኛል።

በአሥረኛው ቀን ጋሼ ደምሴ በጋዜጣ የተጠቀለለ የፍሪሲዮን ሸራና አንድ መካኒክ ይዞ መጣ። ሮጬ ደርሼ ፊቱ ቆምኩ።

«እጢው ወጥቶላታል፤ ድናለች» አለኝ። «ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ጸጉርሽን ታጥበሽ እንደሆነ ነው። ታጥበሻል?»

አልታጠብኩም ነበር። እያለቀስኩ አልታጠብኩም አልኩት።

መኪናዋ በሁለት ቀን ተነሣች። ሌላ ሳምንት ቆይቶ እናቴን ከአውቶብስ ለመቀበል ዘመሮ ሄድን። ከስታለች፣ ነጠላዋ ሰፍቷታል፣ ግን በእግሯ ነው የወረደችው። ጋሼ ደምሴ ፍራሽ አንጥፎላት ነበር፤ «እኔ ዕቃ ነኝ?» ብላ እምቢ አለችና መሀላችን ተቀመጠች። ተጎታች የለ፣ ጭነት የለ፤ ያም ሆኖ እያንዳንዱን ጉድጓድ በልመና ነበር የሚያልፈው። አህዮች ሳይቀሩ ቀደሙን።

ቁራ ዳገት ስር ስንደርስ አንደኛ ማርሽ አስገባ። እኔ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ በላይ ግን መያዝ አልቻልኩም፤ ሁሉም በአንዴ ወጣ።

«እማዬ፣ ድንጋይሽን ጣልኳት። ትልቅ ድንጋይ ነው የጫንኩት። መኪናዋን የሰበርኳት እኔ ነኝ። የማን ነው ሲሉም ዝም አልኩ።»

እናቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ወንድሟን አየችው። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

«በመስታወቱ አይቻታለሁ» አለ። «ስትገፋው፣ ስትወድቅ፣ እንደገና ስትገፋው። ሲጫንም አይቻለሁ።»

«ታዲያ አንተ ሰው፣ ካየህ ምነው አላወረድከው?»

ጋሼ ደምሴ ማርሹን ነካ ነካ አደረገ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«የአገሩን ድንጋይ ሁሉ ጭኜ የእህቴን ላውርድ?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያለቀሰች መስሎኝ እጇን ያዝኩ። እየሳቀች ነበር፤ በአንድ እጇ የተሰፋውን ሆዷን ደግፋ፣ «አመመኝ፣ አታስቁኝ፣ በጊዮርጊስ!» እያለች፣ እንባዋ እየወረደ። ጋሼ ደምሴ በዚያ ዳገት መሀል፣ ሾፌር ፈጽሞ በማይቆምበት ቦታ፣ ፍሬን ይዞ መኪናዋን አቆመላት፤ ሳቋን እስክትጨርስም ጠበቅናት።